በመረሬ አፈር ላይ ከተቀበረ የውሃ ማፍሰሻ አጠገብ የመጋዘን መሠረት አሠራር

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

የሰብልና የአፈር ምርምር ሠራተኞች ስለ ግድግዳ መሠረት ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ያመረተው ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር መጨረሻው መጋዘን ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያም እስኪከፋፈሉ ድረስ የሚቆዩት እዚያው ነው። መጋዘኑ ተሰንጥቆ እርጥበት ካስገባ በማሳ ላይ የተገኘው ውጤት በአንድ ክረምት ይበላሻል። መጋዘኑን የሚሰነጥቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እኛው ዘወትር የምናጠናው ጥቁር አፈርና በውስጡ የሚመላለሰው ውሃ ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ ካየናቸው መጋዘኖች አንዱን በምሳሌነት እንጥቀስ። የማኅበሩን ስም መጥራት አያስፈልግም። መጋዘኑ በድንጋይ መሠረትና በብሎኬት ግድግዳ በኅዳር ወር ተሠርቶ አለቀ። ለዓይን እንከን አልነበረውም። በዓመቱ በየካቲት ወር ከጣሪያውና ከግቢው የሚወርደውን ውሃ ለማስወገድ ተብሎ ከመሠረቱ 60 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ቦይ ተቆፈረና ቱቦ ተቀበረ። የቦዩ ወለል ከመሠረቱ ወለል ይጠልቅ ነበር። የወጣው ጥቁር አፈርም ሳይጠቀጠቅ ተመልሶ ተሞላ። ሐምሌ ሲጋመስ ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ ጣሪያው የሚደርስ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። በመስከረም መጋዘኑ ሲፈተሽ በዚያ ግድግዳ ሥር የተደረደረው የሽምብራ ዘር ሻግቶ ተገኘ። አባላቱ አንድ ጊዜ ለጥገና፣ አንድ ጊዜ ለዘር መግዣ ከፈሉ። ግንበኛው ቦይ ቆፋሪውን፣ ቦይ ቆፋሪውም ግንበኛውን ወቀሰ። እኛ እንደተረዳነው ሁለቱም ሥራቸውን ለየብቻ ሠሩት እንጂ መሠረቱንና ቦዩን አንድ ላይ ያሰበ ሰው አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ አንድ ላይ ማሰብን ማስተማር ነው። እኛ የእርሻ ባለሙያዎች ነን እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም። ስለሆነም ትልቅ ሕንፃ ለመሥራት ያሰበ ማኅበር መሐንዲስ መቅጠር ይኖርበታል። ለማናቸውም ግንባታ ቢሆን አስቀድሞ የወረዳውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል መጠየቅ ግዴታ ነው። እዚህ የምናቀርበው የኤክስቴንሽን ሠራተኛውና የማኅበሩ ኮሚቴ ሥራውን በሚገባ ለመቆጣጠር የሚያስፈልጋቸውን ዕውቀት ነው።

1. የአካባቢው አፈርና ውሃ

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ተነሥታ ወደ ደቡብ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ወርደው ወደ አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገባሉ። የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያም የሚገኘው በዚሁ በቃሊቲ ነው። በዚህ ምክንያት በአቃቂ ቃሊቲ መሬት ውስጥ የፍሳሽ መስመር፣ የመንገድ ውሃ ማስወገጃና ከፋብሪካ ግቢዎች የሚወጣ ቱቦ መኖሩ የተለመደ ነው። ትናንት ማሳ በነበረ ቦታ ላይ ዛሬ መጋዘን የሚሠራ ማኅበር ከሥሩ ምን እንዳለ ሳያውቅ መቆፈር የለበትም።

የአካባቢው ሜዳ አብዛኛው ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ፣ በኦሮምኛም ኮቲቻ የሚለው ጥቁር ሸክላ አፈር ነው። ይህ ዓይነት አፈር በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል፤ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ የሚገኘው በደጋው ክፍል ነው። ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ዓይነት ስለሚበዛበት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ የሚታየው ስንጥቅ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ይዘጋል፤ አፈሩም ውሃ የማያሳልፍ ድፍን ጭቃ ይሆናል። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም በመሆኑ አፈሩ በየዓመቱ አንድ ጊዜ በሚገባ ይርሳል፣ አንድ ጊዜም በሚገባ ይደርቃል። በላዩ ያረፈ ግድግዳ ከእርሱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ማስተዋል ያሻል። አፈሩ በሕንፃው ሥር በሙሉ እኩል ቢያብጥና እኩል ቢኮማተር ጉዳቱ አነስተኛ በሆነ ነበር። ግድግዳን የሚሰነጥቀው አንደኛው ጎን ሲርስ ሌላው ጎን ደርቆ መቅረቱ ነው። አንድ ፎቅ ብቻ ያለው ቀላል መጋዘንም ከከባድ ሕንፃ ይልቅ ለዚህ ይጋለጣል፤ ክብደቱ የአፈሩን እብጠት ተጭኖ ለማስቀረት አይበቃምና።

2. የተቀበረ ቦይ መሠረትን የሚጎዳባቸው መንገዶች

ሀ. ደጋፊ አፈርን በመውሰድ፦ የግድግዳ ክብደት ከመሠረቱ ግርጌ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም እየሰፋ ይወርዳል። ከመሠረቱ በታች ጠልቆ የተቆፈረ ቦይ በዚህ ክብደት መውረጃ ውስጥ ከገባ አፈሩ ወደ ቦዩ ይገፋል፤ መሠረቱም ወደዚያው ያዘነብላል።

ለ. ውሃ በማጠራቀም፦ ብዙ ሰው በጠጠር የተሞላ ቦይ ሁልጊዜ መሬትን ያደርቃል ብሎ ያምናል። በአሸዋማ አፈር ላይ ይህ እውነት ነው። በመረሬ ላይ ግን እርጥብ ሸክላ ውሃ የሚያሳልፈው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ቦዩ ከዙሪያው የሚስበው ውሃ ጥቂት ነው። መውጫው ከተዘጋ ወይም ተዳፋቱ ከተሳሳተ ደግሞ ቦዩ ራሱ ገንዳ ሆኖ የግድግዳውን ሥር ክረምቱን ሙሉ ያርሰዋል።

ሐ. በመስበርና በማፍሰስ፦ መሠረቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ በሥሩ ወይም በውስጡ የሚያልፈው ቱቦ ይሰበራል። ከስብራቱ የሚፈሰው ውሃ አፈሩን የበለጠ ያሳብጣል፤ እብጠቱም ቱቦውን የበለጠ ይሰብራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ይህ ጉዳት ለወራት ሳይታወቅ ይቆያል። ቱቦው የቆሻሻ ፍሳሽ የሚያስተላልፍ ከሆነ እህሉንና የጉድጓድ ውሃውንም ይበክላል።

በማሳ ላይ የሚታወቀው ልምድም ይህንኑ ያረጋግጣል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ መረሬን የሚያጠነፍፈው መደብ ከፍ አድርጎ በመሥራት፣ ውሃውንም በመደቦቹ መካከል በላይ በላዩ በማውረድ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጥቁር አፈር ጥናትም ከዚሁ መርሕ በመነሣት በበሬ የሚጎተት መሣሪያ አውጥቶ፣ 80 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቦይ እንዲሠራ መክሯል። ለመጋዘን ግቢም ያው ትምህርት ይሠራል። በመረሬ ላይ ውሃን ማስወገድ የሚሻለው ወደ መሬት ከመግባቱ በፊት በላይ በኩል ነው።

3. ከመቆፈር በፊት የሚደረግ ጥናት

የተቀበረ መስመር መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የሚከተሉት ይፈጸሙ።

- የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የቀድሞ ባለ ማሳዎችን መጠየቅ። ቱቦ ሲቀበር ያየ ሰው አይጠፋም።
- የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንን የአካባቢ ቅርንጫፍ ስለ መስመሮቹ አቅጣጫና ጥልቀት መጠየቅ።
- የማንሆል ክዳኖችን መፈለግና በመካከላቸው ሲባጎ መወጠር። መስመሩ ከማንሆል ወደ ማንሆል በቀጥታ ይሄዳል።
- በበጋ በደረቅ ሜዳ መካከል ቀጥ ብሎ የሚታይ የለመለመ ሣር ወይም የሰረጎደ መሬት መኖሩን ማየት። የመጀመሪያው የሚያፈስ ቱቦን፣ ሁለተኛው ሳይጠቀጠቅ የተሞላ ቦይን ያመለክታል።
- በመጨረሻ መሠረቱ በሚያልፍበት መስመር ላይ ሁለት ወይም ሦስት የመመርመሪያ ጉድጓዶች በጥንቃቄ በእጅ መቆፈር። ድጅኖን በኃይል መሰንዘር ቱቦን ይበሳል።

የመመርመሪያው ጉድጓድ የመረሬውን ውፍረትም ያሳያል። የአፈሩን ጠባይ ለማወቅ ደግሞ በመስክ ሊሠራ የሚችል ቀላል ሙከራ አለ። ውስጡ 20 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 3 ሳንቲሜትር ስፋትና 3 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ይሠራና ውስጡ ዘይት ይቀባል። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ጠጠሩ ተለቅሞ ተፈጭቶ፣ በውሃ ታሽቶ እንደ ልል ሊጥ ሲሆን አየር ሳይይዝ በሳጥኑ ውስጥ ይሞላል። ከዚያም በጥላ ሥር በሚገባ እስኪደርቅ ይቆያል። በርዝመቱ የተኮማተረው ከ1 ሳንቲሜትር በታች ከሆነ አፈሩ ብዙ አያሰጋም። ከ1 እስከ 1.6 ሳንቲሜትር ከሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ1.6 ሳንቲሜትር በላይ ከተኮማተረ አደገኛ በመሆኑ ከዚህ በታች የተመለከቱት ሁሉ ሳይጓደሉ መፈጸም አለባቸው። ሙከራው የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም፤ ነገር ግን ኮሚቴው በዓይኑ አይቶ እንዲያምን ያደርጋል።

4. ቦይ ከመሠረት ምን ያህል ይራቅ

በግንባታ ሥራ የታወቀው ደንብ የሚከተለው ነው። ከመሠረቱ ግርጌ የውጭ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ታችና ወደ ውጭ እኩል የሚወርድ፣ ማለትም 45 ዲግሪ የሆነ መስመር እንዳለ ይታሰብ። የቦዩ ወለል ከዚህ መስመር በላይ መቆየት አለበት። በሌላ አነጋገር ቦዩ ከመሠረቱ ግርጌ በሚጠልቅበት መጠን ከመሠረቱ መራቅ ይኖርበታል።

ምሳሌ፦ የመሠረቱ ግርጌ ከመሬት ወለል 1.20 ሜትር ይጠልቃል እንበል። የቦዩ ወለል ደግሞ 1.80 ሜትር ይጠልቃል። ልዩነቱ 60 ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ በመሠረቱ ጠርዝና በቦዩ ቅርብ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት በትንሹ 60 ሳንቲሜትር መሆን ነበረበት። ነገር ግን መረሬ በክረምት ሲርስ ጥንካሬው እጅግ ስለሚቀንስ እኛ የዚህን እጥፍ፣ ማለትም 1.20 ሜትር እንዲሆን እንመክራለን። ስሌቱ ከዚያ ያነሰ ቢሰጥ እንኳ ርቀቱ ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም። ቦታ ካለ 2 ወይም 3 ሜትር ማራቅ የሚያስወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ስንጥቅ ለመጠገን ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

ርቀቱ የሚለካው ከግድግዳው ፊት አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። መሠረት ከግድግዳ ይሰፋልና የሚለካው ከመሠረቱ ጠርዝ ነው። በመስክ እንዳየነው ስሕተቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

5. ማራቅ ካልተቻለ

ቦታ ጠቦ ወይም ነባር መስመር ኖሮ ማራቅ ካልተቻለ የመጀመሪያው መፍትሔ መሠረቱን እስከ ቦዩ ወለል ድረስ ማጥለቅ ነው። ሁለተኛው መፍትሔ ቦዩን በኮንክሪት መሙላት ነው። ለዚህም የሚከተለው ደንብ ያገለግላል።

ሀ. በመሠረቱና በቦዩ መካከል ያለው ርቀት ከ1 ሜትር ያነሰ ከሆነ ቦዩ ከወለሉ ጀምሮ እስከ መሠረቱ ግርጌ ከፍታ ድረስ በኮንክሪት ይሞላ።

ለ. ርቀቱ 1 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኮንክሪቱ ከመሠረቱ ግርጌ በታች የሚቀረው ጥልቀት፣ ከርቀቱ ላይ 15 ሳንቲሜትር ተቀንሶ ከሚገኘው እንዳይበልጥ ሆኖ ይሞላ።

የሁለተኛው ምሳሌ ይህ ነው። የመሠረቱ ግርጌ 1.20 ሜትር፣ የቦዩ ወለል 2.80 ሜትር ይጠልቃል፤ ርቀታቸው 1.20 ሜትር ነው። ከ1.20 ሜትር ላይ 15 ሳንቲሜትር ሲቀነስ 1.05 ሜትር ይሆናል። ይህ ከመሠረቱ ግርጌ ጋር ሲደመር 2.25 ሜትር ነው። ስለዚህ ኮንክሪቱ ከ2.80 ሜትር ተነሥቶ እስከ 2.25 ሜትር ድረስ፣ ማለትም 55 ሳንቲሜትር ከፍታ ይሞላል ማለት ነው።

ኮንክሪቱ አንድ ወጥ ሆኖ ቱቦውን እንዳይሰብረው በቱቦው መጋጠሚያዎች ላይ የሚታጠፍ ነገር፣ ለምሳሌ ለስላሳ ሰሌዳ፣ በማቋረጫነት ይግባ።

6. ቱቦ በግድግዳ ሥር ወይም በመሠረት ውስጥ ሲያልፍ

ቱቦን በመሠረት ውስጥ በስሚንቶ አጥብቆ መገንባት ትልቅ ስሕተት ነው። በቱቦው ዙሪያ በሁሉም በኩል 5 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ መተው አለበት። ከበላዩ ያለው ግንብ በአርማታ አግዳሚ ይደገፍ። ክፍት ቦታው አይጥና አፈር እንዳያስገባ በሁለቱም ፊት በለስላሳ ነገርና በቀጭን ሰሌዳ ይሸፈን። አይጥ የእህል መጋዘን ጠላት በመሆኑ ይህ ችላ አይባል።

ቱቦው በስሚንቶ ተይዞ በግድግዳው ውስጥ እንዲያልፍ ከተደረገ ግን ከግድግዳው ፊት 15 ሳንቲሜትር ሳይርቅ በሁለቱም ወገን የሚታጠፍ መጋጠሚያ ይደረግለት። ቀጥሎ የሚመጣው ቱቦ ከ60 ሳንቲሜትር የማይረዝም አጭር ሆኖ፣ በሌላኛው ጫፉም የሚታጠፍ መጋጠሚያ ይኑረው። እንዲህ ሲሆን ግድግዳው ጥቂት ቢወርድ አጭሩ ቱቦ እንደ ክንድ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም።

7. የመሠረቱና የቦዩ አሠራር

የቁፋሮ ጊዜ፦ ጥሩው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። በዚያን ጊዜ አፈሩ ጭቃነቱን ትቷል፤ ግን ገና አልተሰነጠቀም። የተቆፈረ መሠረት ለፀሐይና ለዝናብ ተጋልጦ አይደር። ቁፋሮው ባለቀበት ቀን የሥሩ ንጣፍ ኮንክሪት ይፍሰስ።

የመሠረት ጥልቀት፦ የመረሬው ውፍረት ከ1.5 ሜትር ካልበለጠ በሙሉ አውጥቶ መሠረቱን ከሥሩ በሚገኘው ጠንካራ መሬት ላይ ማሳረፍ ከሁሉም ይመረጣል። ከዚያ የበለጠ ውፍረት ካለው መሐንዲስ ሳያማክሩ መሥራት አይገባም። ባለሙያው መረሬውን በከፊል አውጥቶ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ እንዲተካ፣ ፌሮ የገባበት አርማታም ግድግዳውን ከታችና ከላይ ዙሪያውን እንዲያስር ሊያዝ ይችላል። ገረጋንቲው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር በሚሆን ድርብ እየተነጠፈ፣ በትንሹ እየረሰ ይጠቅጠቅ። ንጹሕና ልል ጠጠር ወይም ከደብረ ዘይት አካባቢ የሚመጣው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ብቻውን በመሠረት ሥር ቢሞላ በሸክላው መካከል ውሃ የሚይዝ ገንዳ ስለሚሆን አንመክረውም።

የቦዩ አሞላል፦ ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ወለሉ በ10 ሳንቲሜትር አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይነጠፍ። ተዳፋቱ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 ሳንቲሜትር አይነስ፤ ይህም በሲባጎና በውሃ ልክ ይረጋገጥ። ከቱቦው በላይ ገረጋንቲ በ15 ሳንቲሜትር ድርብ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። የላይኛው 30 ሳንቲሜትር ግን ዝናብ እንዳያሰርግ በሚገባ በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ይዘጋ። ቦዩ ወደ ሕንፃው የሚያዘቀዝቅ ከሆነ በአሸዋው ንጣፍ ውስጥ ውሃ እየሾለከ ወደ መሠረቱ እንዳይሄድ በየ10 ሜትሩ አሸዋው ተቋርጦ በተጠቀጠቀ ጭቃ ይገደብ።

8. የዝናብ ውሃ ስሌትና አወራረድ

በአንድ ሜትር ካሬ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ መጋዘን ጣሪያው 160 ሜትር ካሬ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ ከጣሪያው 4,800 ሊትር ይወርዳል። ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 24 መሆኑ ነው። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ውሃ የሚፈሰው በግድግዳው ሥር ነው። ለአባላት በስብሰባ ላይ ይህን በበርሜል ቆጥሮ ማስረዳት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ስለዚህ አሸንዳ በሁለቱም ወገን ይደረግ። በግድግዳው ዙሪያ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው፣ በሜትር 5 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ የስሚንቶ ወይም በስሚንቶ የተያያዘ የድንጋይ ንጣፍ ይሠራ። ንጣፉ ዝናብን ከማራቁም በላይ የግድግዳው ሥር በበጋ ከመጠን በላይ እንዳይደርቅ ይከላከላል። ከንጣፉ ጠርዝ ውጭ በድንጋይ የተገነባ ጥልቀት የሌለው ክፍት ቦይ ውሃውን ይቀበል። ክፍት ቦይ ሲዘጋ ይታያል፣ በአካፋም ይጠረጋል። የተቀበረ ቱቦ ግን መዘጋቱ የሚታወቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። በመሆኑም ቱቦ መቅበር የሚያስፈልገው መኪና ወይም ጋሪ በሚያልፍበት ቦታና ለቆሻሻ ፍሳሽ ብቻ ነው። የጣሪያ ውሃና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በአንድ መስመር አይሂዱ።

9. በነባር ግድግዳ አጠገብ ሲቆፈርና የሠራተኛ ደኅንነት

ግድግዳው አስቀድሞ የተሠራ ከሆነ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ መክፈት ክልክል ነው። ከ1 እስከ 1.5 ሜትር በሚሆን ርዝመት እየተከፋፈለ፣ አንዱ ሲቆፈር አጠገቡ ያለው ሳይነካ፣ የተቆፈረው ተሞልቶና ተጠቅጥቆ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይታለፍ።

መረሬ ሲቆፈር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይህ ግን ያታልላል። የበጋው ስንጥቅ በውስጡ ስላለ ሳያስጠነቅቅ በገበታ በገበታ ይናዳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናልና ሰው ላይ ከወደቀ የማውጣት ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከ1.2 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦይ በጣውላና በአግዳሚ ይደገፍ ወይም ጎኑ በተዳፋት ይቆፈር። የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይራቅ። ሰው ብቻውን በቦይ ውስጥ አይሥራ። ወደ ማንሆል መግባት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ሽታው ሳይሰማ እንኳ ይገድላል፤ የወደቀውን ለማውጣት ተከትሎ የገባውንም ይጨምራል። ይህ የሠለጠኑና መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ሥራ ነው።

10. ከተሠራ በኋላ የሚደረግ ክትትል

- ስንጥቅ ከታየ በላዩ ላይ አሻግሮ ጄሶ መለጠፍና ቀኑን መጻፍ። ጄሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም። ምክንያቱ ሳይታወቅ በልስን መሸፈን ገንዘብ ማባከን ነው።
- አሸንዳና ክፍት ቦዮችን በግንቦት መጨረሻ መጥረግ፤ በክረምትም በየሳምንቱ ማየት።
- ባሕር ዛፍን ከመጋዘን ማራቅ። ሥሩ በበጋ አፈሩን አድርቆ ያኮማትራል፤ ወደ ቱቦ መጋጠሚያም ይገባል። ርቀቱ ዛፉ ሲያድግ ከሚደርስበት ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ያደገ ዛፍ ሲቆረጥ ደግሞ የደረቀው አፈር መልሶ ስለሚያብጥ ቢቻል ግንባታው አንድ ክረምት አልፎት ይጀመር።
- በግድግዳው ሥር አትክልት አለማጠጣት፤ የውሃ ቧንቧም አለመትከል።
- ጆንያዎችን በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደርና ከግድግዳ 50 ሳንቲሜትር ማራቅ። ይህ አየር ከማስገባቱም በላይ ግድግዳውን ለመመርመር መተላለፊያ ይሆናል።

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ድርሻ

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ግንበኛ እንዲሆን አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ኮሚቴውን፣ ግንበኛውንና ቦይ ቆፋሪውን በአንድ ቦታ ሰብስቦ የመሠረቱንና የቦዩን ጥልቀትና ርቀት በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ቦዩ ከመሞላቱ በፊት በሜትር ለክቶ ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ነው። አፈር ከለበሰ በኋላ የሚቆጣጠረው የለም። ሦስተኛ፣ የመስመሮቹን ቦታ የሚያሳይ ንድፍ በማኅበሩ መዝገብ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። የዛሬው ኮሚቴ ነገ ይለወጣል፤ የተቀበረው ቱቦ ግን እዚያው ይኖራል።

በመግቢያው የጠቀስነው መጋዘን በኋላ ተጠግኗል። ከግድግዳው አጠገብ ያለው ቱቦ እንዲወጣ፣ ቦዩም ከላይ በተገለጸው አኳኋን እየተከፋፈለ በኮንክሪት እንዲሞላ ተደረገ። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተይዞ፣ በንጣፉ ላይ አልፎ በክፍት ቦይ ወደ ሜዳው ይወርዳል። አባላቱ ይህን ለማድረግ ያወጡት ድንጋይ፣ ስሚንቶና ጉልበት በመጀመሪያው ዓመት ቢወጣ ኖሮ ዘሩ ባልሻገተ ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማኅበራችሁ ግቢ ውስጥ የተቀበሩ መስመሮች የት የት ናቸው? የሚያውቀው ሰው ማን ነው? ተጽፏል ወይ?

2. የመጋዘናችሁ መሠረት 1 ሜትር፣ አዲስ የሚቆፈረው ቦይ 1.70 ሜትር ቢጠልቅ በመረሬ ላይ ርቀታቸው ስንት መሆን አለበት? (መልስ፦ 1.40 ሜትር)

3. የመጋዘናችሁ ጣሪያ ስንት ሜትር ካሬ ነው? 20 ሚሊሜትር ሲዘንብ ስንት በርሜል ውሃ ይወርዳል? ያ ውሃ አሁን ወዴት እየሄደ ነው?

4. በግድግዳችሁ ላይ ያለው ስንጥቅ የሚሰፋው በክረምት ነው ወይስ በበጋ? ይህስ ስለ ምክንያቱ ምን ያመለክታል?

ጥያቄዎቹ በስብሰባ አዳራሽ ከመወያየት ይልቅ በመጋዘኑ ዙሪያ እየተዘዋወሩ፣ ሜትርና ሲባጎ ይዘው ቢመለሱ ትምህርቱ የበለጠ ፍሬ ይሰጣል።